በዱላ የመለስኩት መርዶ

ኅዳር 22 ቀን 1968 ዓ.ም.

መካነ ሰላም ገበያ ዋልኩ። ጨውና በርበሬ ነበር የተላክሁት። ጨውን ገዛሁ። በበርበሬው ፈንታ ደብተር ገዛሁ።

ባለ ሱቁ «ለልጅ ልጅዎ ነው አባባ?» አለኝ።

«ለራሴ።»

«ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«አንተ ማረሻ ትሸጣለህ። አርሰህ ታውቃለህ?»

ደብተሩን ጠቀለለልኝ።

ቤት ስገባ ወርቂቱ፣ ልጄ፣ «በርበሬውስ?» አለች። ደብተሩን አሳየኋት። እሱን አየች፣ እኔን አየች። ሽሮው ያለ በርበሬ ተበላ።

የሚጽፈው መሪጌታ መልአኩ ነው። አብረን ከብት ጠብቀን ነው ያደግን። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ አንተ ነው። እንዳይጨምር፣ እንዳይቀንስ፣ ለማንም እንዳያነብ አስምዬዋለሁ። «ስለ አንተ ኃጢአት ስንት ደብተር ይበቃል?» አለኝ። ይሄንንም ጽፎታል።

ለምን ደብተር አስፈለገኝ? የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ስላለው ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጸሐፊው፣ ውበቱ የሚሉት፣ ከወይራው ሥር ቆሞ የአባወራውን ስም ሁሉ አነበበ። የወርቂቱ ባል ላይ ደረሰ። «ክንፈ። ቤተሰቡን ጥሎ የጠፋ» አለ።

አገር ሰማ። ወርቂቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ጥሎ የጠፋ... ክንፈ?

እነሱ መዝገብ ካላቸው እኔም መዝገብ ይኖረኛል።

ኅዳር 25

ገብስ ስናጭድ ዋልን። ወገቤ የኔ አይደለም።

ነገሩ ስም ብቻ አይደለም። ጥር 14 ቀን ገመድ ይዘው መሬት ሊለኩ ይመጣሉ። ጥሎ የጠፋ ሰው መሬት ለሌላ ይሰጣል ተብሏል። ያኔ ወርቂቱና ሦስቱ ልጆቿ የኔን ቁራጭ ማሳ ሊጠጉ ነው። የኔ ማሳ እኔንም አጥግቦኝ አያውቅ።

የክንፈን መሬት ጭንጫው እንለዋለን። ከአፈሩ ድንጋዩ ይበልጥ ነበር። ፍየል እንኳ ቆማበት አታውቅም። ባላባቱ ስቆ ነው የሰጠው። «እዚያ ላይ ገብስ ካበቀልክ እኔ ጢሜን እላጫለሁ» አለው። ክንፈ ሦስት በጋ ድንጋይ ለቀመ። በእጁ። የለቀመውን ከታች በኩል ካብ አርጎ ደረደረ፣ አፈሩ እንዳይሄድ። ከወንዙ ዳር ደለል በቆዳ ተሸክሞ አመጣ። በአራተኛው ዓመት ገብሱ ጉልበቴ ደረሰ። ባላባቱ ጢሙን አልተላጨም። እህሉን ግን ተካፈለ።

አምና መሬት ለአራሹ ሲባል እኔ ሽማግሌው እልል አልኩ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ታዲያ አራሹ ማነው? ድንጋዩን የለቀመው አይደለም?

ታኅሣሥ 1

መሪጌታ «እንዴት እንዳገባ አስጽፍ እንጂ» አለ። እሺ።

ክንፈ ከደጎሎ በኩል የመጣ ነው። ዘመድ የሌለው። ቀፎ ተሸክሞ መጣ፣ አባይ በረሃ ገደል ላይ ሊሰቅል። መንገድ ላይ ወርቂቱን ከምንጭ ስትመለስ አየ። ቀፎውን እኛ ደጅ አስቀመጠና ቀረ።

ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ከየት ያምጣ? ገበያ ወርዶ በግ ሊሸጡ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን ለምኖ ይዟቸው መጣ። ገቡ፣ ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ተናገሩ። አንደበታቸው መልካም ነበር። «ልጅዎን ለልጃችን ለ...» ብለው ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። ስሙን አልጠየቁትም ለካ። ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ «ክንፈ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ሚስቴ ብዙዬ ነፍሷን ይማርና ምሰሶ ይዛ ሳቀች። እኔ ጥርሴን ነከስኩ፣ አልሳቅሁም። «ምን አለህ?» አልኩት፣ ገብቶ እንዲቆም አድርጌ።

«ሁለት እጅ።»

«እጅ ያለው ሁሉ ልጅ ያገባል?»

«ያንን ጭንጫ አይተውታል? እሱን ሳርሰው ይንገሩኝ።»

ሰጠሁት። ለድፍረቱ ነው የሰጠሁት።

ታኅሣሥ 4

አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም። ይሄን መካድ አልችልም። መኸሩን ከትቶ ሲያበቃ እግሩ ያሳክከዋል። አንድ ዓመት ሁመራ ሄደ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ። ወባ ይዞት መጣ፣ ግን ለወርቂቱ ሻሽ፣ ለእኔ የዝናብ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ጃንጥላ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቀሳውስቱ ቀኑብኝ። (መሪጌታ፣ አንተም ቀንተሃል። ጻፍ።)

አባይ ገደል ላይ በገመድ ወርዶ ማር ይቆርጣል። ጎጃም ተሻግሮ የድንች ዘር አምጥቶ ተከለ። እኛ «ይሄ የአሳማ ምግብ ነው» ብለን አልበላንም። ልጆቹ በሉ። ኋላ ሁላችንም በላን።

ብዙዬ የታመመች ጊዜ በቃሬዛ አድርጎ አቀስታ ድረስ ወሰዳት። አራት ሰው ነበር የተሸከመ፣ ሦስቱ ተቀያየሩ፣ እሱ አልተቀየረም። ከዚያ በመኪና ደሴ። ወር ሙሉ ሆስፒታል በር ላይ አደረ። ይዟት ተመለሰ። ብዙዬ ከዚያ ወዲያ «ወንድ ልጅ ሳልወልድ ቀረሁ» ማለት ተወች።

ግን ደግሞ... ዘር ሲደርስ ሁልጊዜ ይመጣል። ሁልጊዜ። የትም ይሂድ፣ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ከዳገቱ ብቅ ይላል፣ እያፏጨ። አንድም ክረምት አላሳለፈም።

እኔ ነኝ እግረ ቀላል እያልኩ በየጠላ ቤቱ የሰደብኩት። ስወደው ነው። ይሄን ለማን አስረዳለሁ?

ታኅሣሥ 8

ማኅበሩ ጋ ሄድኩ። ቸኮል ሊቀመንበሩ ነው። ገበሬ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ውበቱ ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው የባላባቱ ነበር።

«ስሙን ሰርዝ» አልኩት ውበቱን።

«በምን ማስረጃ አባባ?»

«በኔ ቃል።»

«የርስዎንማ ቃል ነው የጻፍኩት።» መዝገቡን ገለጠ። «በዚያ በድርቁ ዓመት፣ በክረምት፣ ‹ክንፈ ከጎጃም እህል ላከልን› ብለው ለሰፈሩ ሁሉ የተናገሩ እርስዎ አይደሉም?»

ውበቱ መስመሩን በጣቱ መታ።

«የላከ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። በሕይወት እያለ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ካልመጣ ምን ልበለው? ልቅሶ ተቀምጣችኋል? ፍትሐት ተፈትቷል? አርባ ወጥቷል? ሞቶ ቢሆን ታለቅሱለት አልነበረም?»

ቸኮል ወደ መሬት አየ። «አያ አምባቸው፣ እውነቱን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

የውበቱ ወንድም ጭንጫውን እንደሚፈልገው አገር ያውቃል። ቢሆንም ውበቱ የተናገረው ልክ ነው። ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ሦስት ቦታ ዐረፍኩ።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ አልናገርም። መሪጌታም አልጠየቀ።

ታኅሣሥ 12

ጻፍ መሪጌታ። ሳትቀንስ ጻፍ።

ስልሳ አምስት ነው ዓመቱ። በልጉ ቀረ። ክረምቱም ዘገየ። ጎታው ውስጥ እጅህን ስትከት ጭቃውን ትነካለህ። በየመንገዱ የሰው ሬሳ። በግንቦት ብዙዬን ቀበርኳት። ሁለት ሰው ብቻ ነበር አፈር ለማልበስ አቅም ያለው፣ አንዱ ክንፈ ነው።

ክንፈ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ አባይን ተሻግሯል። ከቀፎው ማር ይዞ ይሄዳል፣ ጎጃም በእህል ይለውጣል። ሁለቱን ጊዜ መጣ። ለእኛ ብቻ አላመጣም፣ ለጎረቤትም በእፍኝ አካፈለ። ሦስተኛውን በሰኔ ሄደ። አባይ ሊሞላ ነው አልኩት። «ሳይሞላ እመለሳለሁ» አለ። ከወግዲ ሰው ጋር ነው የሄደ፣ ቢተው ከሚባል።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። ወጣሁ። ቢተው ነው፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌ። አልሳቁም፣ አላሳሉም፣ እንደምን አደርክ አላሉም። መርዶ ነጋሪ በጎህ ነው የሚመጣ። ሰው በጎህ መጥቶ ጋቢውን አሸርጦ ዝም ብሎ ከቆመ ሌላ ወሬ የለውም።

ቢተው አፉን ከፈተ። ሳይናገር በዱላ ትከሻውን አልኩት። ደገምኩት። ሽማግሌዎቹን አሯሯጥኩ። «ውጡ ከደጄ» አልኩ። ሄዱ።

አጥሩ ሥር ሁለት ስልቻ በቆሎ ትተው ነበር። አስገባሁት። ወርቂቱ ስትነሣ «ምንድነው?» አለች። «ክንፈ ልኮ ነው» አልኩ። «በማን?» «በመንገደኛ።»

ለምን? ትንሿ ንግሥቴ የሦስት ወር ሕፃን ነበረች። ጡት ላይ። እናቷ መርዶ ብትሰማ ወተቷ ይደርቃል፤ ያኔ ሕፃን የሚያጠባ ጎረቤት ማን ነበር? በዚያ ወር ከዚህ እስከ ታችኛው መንደር ስንት ሕፃን ተቀበረ? ንግሥቴ ዛሬ ትሮጣለች። ዶሮ ታባርራለች። እና ተሳሳትኩ? አልተሳሳትኩም። ዛሬም ቢመጣ በዱላ እለዋለሁ።

ግን በልጉ ዘነበ፣ ልጅቷም ጡት ተወች። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እያደር ውሸቱ ጎጆ ሠራ። እኔም... መንገዱን ማየት ለመድኩ። ሬሳ ካልታየ ማን ያውቃል አልኩ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም እወጣና አያለሁ።

ይበቃል ለዛሬ።

ታኅሣሥ 19

ወግዲ ደርሼ መጣሁ። መሪጌታ «በዚህ ዕድሜህ?» ብሎ ነበር። ሁለት ቀን ሄድኩ፣ ሁለት ቀን ተመለስኩ። ጉልበቴ አብጧል። ያብጥ።

ቢተው ደጁ ላይ ቆሞ አየኝ። ቀጥሎ ዱላዬን አየ።

«አባባ አምባቸው፣ ያችው ዱላ ናት?»

«ያችው ናት።»

«እንግዲያው እሷ ከደጅ ትቀመጥ። እርስዎ ይግቡ።»

ገባሁ። ሚስቱ እግሬን አጠበችኝ። ጠላ ተቀዳ። ሳልጠጣ «ያኔ ልትናገር የመጣኸውን ተናገር» አልኩት።

ጎልማሳው ሰውዬ አለቀሰ። «ያልተረከቡትን መርዶ ይኸው ተሸክሜው ነው የኖርኩ» አለ። ወላሂ ብሎ ማለልኝ፣ እንዲያ ሲያደርግ ክርስቲያን ነው ወይ እስላም ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም በዚያ አገር።

የነገረኝ ይሄ ነው። ጎጃም ማዶ ላይ እህላቸውን ይዘው ሲደርሱ አባይ ሞልቶ ቀልቷል። አህዮቻቸው ወዲህ ማዶ ናቸው። ቢተው ዋና አይችልም። ክንፈ ሁለት ትልልቅ ቅል ነበረው፣ ደረቱ ላይ አስሮ የሚዋኝበት። መጀመሪያ የራሱን ሁለት ስልቻ አሻገረ። ተመለሰ። የቢተውን አሻገረ። ተመለሰ። አንዱ ቅል ድንጋይ መትቶት ተሰነጠቀ። አንድ ቀረ። ለቢተው አሰረለት።

«አንተስ?» አለው።

«እኔ እጅ አለኝ።»

መሀል ላይ ግንድ መጣ፣ ውሃው ከላይ ነቅሎ ያመጣው። ክንፈ ቢተውን ገፋው፣ ከግንዱ መንገድ አወጣው። «ውሃውን እንዳትጠጣ፣ የጎጃም ጠላ ይሻላል» አለው እየሳቀ። ቢተው ዳር ደርሶ ዞር ሲል ውሃ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ዳር ለዳር ፈለገው።

ጋቢውን ከስልቻው ጋር አሻግሮት ነበር። ቢተው ከሣጥን አወጣው። «አልለበስኩትም አልሸጥኩትም» አለኝ። የወርቂቱ ፈትል ነው።

ጠላውን ያኔ ጠጣሁ። «ጥር 14 በጎህ ደጄ ና» አልኩት። «እንደ ያኔው ቁም። እንደ ያኔው ዝም በል።»

«ዱላዋስ?»

«መሪጌታ ይይዛታል።»

ታኅሣሥ 28

ልደት። ወርቂቱ ገብስ ቆሎ አቀረበች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቹ ገና ጨዋታ ሄደዋል። የክንፈን ጋቢ ጎታ ውስጥ ደብቄው ነበር።

«ጎታ ውስጥ ያለውን አየሁት» አለች።

ቆሎውን ከእጄ አስቀመጥኩ።

«ያን ጊዜ በቆሎው ከሥር እርጥብ ነበር አባቴ። ጎንቁሎ ነበር። አሸዋ ነበረበት። አባይ ካልገባ በቀር አሸዋ ከየት ያገኛል? እየፈጨሁት አለቀስኩ። ጭሱ ነው እያልኩ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴን በቀበሩ በሁለት ወርዎ ነው። እሱ አለ ብለው ነው ቀና ያሉ። አውቃለሁ ብልዎት እርስዎም ይሞቱብኝ ነበር።»

እኔ ወተቷ እንዳይደርቅ፣ እሷ እኔ እንዳልሞት። አንድ ጣራ ሥር ሁለት ሰው፣ አንድ ሬሳ ደብቀን።

«ግን ደከመኝ» አለች። «ባሌ ነው። ጮኼ ላልቅስለት። ምንጭ ላይ አጎንብሼ ማልቀስ ደከመኝ።»

«ታለቅሻለሽ» አልኳት። «ጥር 14።»

«ያኔማ ገመዱ የሚመጣ ቀን ነው።»

«ያንኑ ቀን ነው። ጭንጫው ላይ።»

አየችኝ። ቀጥሎ ሳቀች። እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች። የእናቷ ሳቅ ነው።

ጥር 3

መሪጌታ ይጨቃጨቃል። «ልቅሶን መሣሪያ ማድረግ አይሆንም» ይላል።

«ሞቷል አልሞተም?»

«ሞቷል።»

«ልቅሶ ይገባዋል አይገባውም?»

«ይገባዋል።»

«እና ቀኑን መምረጥ የማነው? የውበቱ ነው?»

ጢሙን አሻሸ። ሬሳ ባይኖርም ፍትሐት እንደሚፈታለት ተናገረ። ሊያረዱን ከቢተው ጋር የሚቆሙ ሁለት ሽማግሌም እሱ ያመጣል። በዚህ አለቀ።

ጥር 7

አሰጋሽን አስጠራኋት። ሙሾ አውጪ ናት፣ በዚህ አገር እሷን የሚያህል የለም። «ያገሩ ሰው የረሳውን ሰው በምን ላስለቅሰው?» አለች። «ሥራውን ንገሩኝ። ሥራ የሌለው ሙሾ አይወጣም።»

የመሪጌታን መሐላ ፈታሁለት፣ ለዚህ ብቻ። መሪጌታ ይሄን ደብተር ከመጀመሪያው አነበበላት። ሽማግሌ ከገበያ የሚለው ላይ ሳቀች። ቅሉ ላይ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

እኔም የገዛ ቃሌን ከሌላ አፍ ስሰማ... ያ ሁሉ ከኔ ወጣ?

ጥር 15

ትናንት መናገር አልቻልኩም። ዛሬ ጻፍ።

በጎህ ውሻው ጮኸ። ወጣሁ። ቢተው ቆሟል፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌ። እጄ ባዶ ነው። እጄን ምን ላድርገው?

«አባባ አምባቸው» አለ ቢተው። «ክንፈ አርፏል።»

አውቀዋለሁ። ጠርቼው ነው የመጣ። ሆኖም ወደ እሱ ተደፋሁ። ቢተው ያዘኝ፣ በዚያው በመታሁት ትከሻው።

ወርቂቱ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት... ዳገቱ መለሰው። የተጠራቀመ ነበር። ከየጎጆው ሰው ወጣ። ከታችኛው መንደር እስላሞቹም መጡ፣ ክንፈ ከነሱ ጋር ነበር ሁመራ የሄደው። ሁሉንም ይዘን ጭንጫው ላይ ወረድን። ጋቢውን በቀፎው ላይ አልብሰን መሀል አቆምነው። ቀፎው ያኔ ተሸክሞት የመጣው ነው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ገመድ ያዦቹ መጡ። ቸኮል ከፊት፣ ውበቱ መዝገቡን አቅፎ ከኋላ። ካቡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በኛ አገር ልቅሶ ደጃፍ ላይ የደረሰ ሰው የያዘውን ያስቀምጣል፣ ያለቅሳል። ጠላትም ቢሆን። ሳያለቅስ ያለፈ ሰው፣ የርሱ ቀን ሲመጣ ማንም አይደርስለት።

አሰጋሽ አየቻቸው። ድምፅዋን ወደነሱ መለሰች።

ሽማግሌ ለምኖ ከገበያ ያመጣ፣
ጭንጫ አለስልሶ ገብስ አርሶ ያወጣ፣
ጥሎ ጠፋ አሉት ወይ አባይ ገብቶ ቢቀር፣
ቅሉን ለሰው ሰጥቶ ውሃ ለብሶ ቢያድር።

ቸኮል ገመዱን ጣለ። «ወንድሜን» እያለ መጣ። በድርቁ ዓመት ልጆቹ የበሉት ከክንፈ ስልቻ ነው። ረስቶት ነበር፣ ወይ የረሳ መስሎት ነበር።

ውበቱ ቆሟል። አገር ያየዋል። እናቱ ከልቅሶው መሀል ሆና ታየዋለች። መዝገቡን ካቡ ላይ አስቀመጠና መጣ። እንባ አልነበረውም፣ ግን አለቀሰ። ይበቃል።

ጋብ ሲል ተነሣሁ። ከአሰጋሽ ሙሾ ይልቅ ይሄ ከበደኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ አምባቸው ዋሸ ያለኝ ሰው የለም።

«ስሙ» አልኩ። «ይሄ ሰው የሞተው በስልሳ አምስት ነው። በሰኔ። መርዶ ነጋሪው መጥቶልኝ ነበር፣ በዱላ መለስኩት። እህል ላከ ያልኩ እኔ ነኝ። የዋሸሁ እኔ ነኝ። ክንፈ ጥሎ አልጠፋም። ውበቱ፣ መዝገብህ ላይ ውሸታም የምትጽፍበት ቦታ ካለ የኔን ስም ጻፍ።»

አንድ ልጅ ብቻ አስነጠሰ።

ቢተው ተነሥቶ ስለ ቅሉ ተናገረ። ስለ ግንዱ ተናገረ። ስለ ጠላው ሲናገር ሰው እያለቀሰ ሳቀ፣ የክንፈን አነጋገር ያውቁታላ።

ቸኮል ዐይኑን ጠረገ። «መዝገቡን አምጣ» አለ ውበቱን።

«ኮሚቴው ሳይሰበሰብ...»

«ኮሚቴው ይኸው ተቀምጦ ያለቅሳል። አምጣ።»

አመጣ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰረዘ። መሪጌታ ከትከሻው በላይ እያየ ነበር፣ ዐይኑን አልነቀለም። ጽፎ ሲጨርስ ቸኮል ጮክ ብለህ አንብብ አለው። ድምፁ ቀጭን ሆኖ አነበበ፦ «ክንፈ። ለቤተሰቡ እህል ሲያመጣ አባይ የወሰደው። መሬቱ ለሚስቱ ለወርቂቱ።»

ገመዱ ሲመሽም እዚያው ወድቆ ነበር። ከንግሥቴ ታላላቆች አንዱ ፍየል አሰረበት።

ጥር 16

ሰልስት። ሰው መጣ፣ ሄደ። ወርቂቱ ራሷን ተላጨች። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። «አይዞህ፣ ይመጣል» አለኝ መሪጌታ። ምን ይመጣል? አልኩት።

ውበቱም መጣ። ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። «አባባ፣ ውሸታም ብዬ የምጽፍበት ቦታ መዝገቡ ላይ የለም» አለ። «ታዲያ ጎደሎ መዝገብ ነው» አልኩት። ፈገግ አለ። ልጁ እንግዲህ... ልጅ ነው። ቆሎ ሰጠሁት።

የካቲት 3

ዝናብ ጣል አደረገ። ጭንጫው ዛሬ ታረሰ።

የክንፈ ጅራፍ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ከሄደ ጀምሮ። ማንም እንዳይነካው ብዬ ነበር። ማሳውን ያለፉትን ሁለት ክረምት ያረስነው በሌላ ጅራፍ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። ጠዋት ወርቂቱ አወረደችው፣ አቧራውን አራገፈች፣ ሰጠችኝ። «ሽማግሌ ነኝ» አልኳት። «እጅ አለዎት» አለች።

ሁለቱን በሬዎች ጠመድኩ። ጅራፉን አጮህኩት። ለካ ድምፁን አውቀዋለሁ። በሬዎቹም አወቁት፣ ጆሯቸውን አቆሙ።

ሦስት ትልም ሄድኩ። በአራተኛው ማረሻው ቆመ። ጎንበስ ብዬ ቆፈርኩ። ድንጋይ ነው፣ የራስ ቅል የሚያህል። ማሳው መሀል ላይ። እኔ ለአገር ሁሉ «ክንፈ ከዚህ መሬት አንድ ጠጠር አልቀረውም» እያልኩ ስፎክር ነው የኖርኩ።

አንድ ቀርቶታል።

አቅፌው ወረድኩ። ካቡ ላይ፣ እሱ ከደረደረው መጨረሻ ቦታ ፈልጌ አስቀመጥኩት። ሲገጥም ድምፅ አለው። እዚያው ተቀመጥኩ። በሬዎቹ ቆመው ጠበቁኝ፣ ረጅም ጊዜ።

መሪጌታ ብዕሩን አንሥቶ ያየኛል። «ያለቀስከውንም ልጻፍ?» ይላል።

ጻፍ። ከዚያ በኋላ ተነሥቼ እስከ ማታ እንዳረስኩም ጻፍ።